እናቴን የፈተንኩባቸው ቅዳሜዎች

እናቴን ፈትኛት አውቃለሁ። ለክፍል ጓደኞቼ ስነግራቸው አያምኑኝም፤ እውነት ግን ነው፣ ያውም ስድስት ቅዳሜ ሙሉ።

እማዬ እዚሁ ጉለሌ፣ አንድ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ፣ ሒሳብ ክፍል ትሠራለች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገብታ አሥራ አንድ ሰዓት ትወጣለች። ከዚያ የቀበሌ ስብሰባ ካለ ስብሰባ፣ ከሌለ ደግሞ እኛ አለን። በዚህ ሁሉ መሀል ነው እንግዲህ ከእንግሊዝ አገር በፖስታ በሚመጣ መጽሐፍ የሒሳብ አዋቂነት ፈተና የምታጠናው። መጽሐፎቹ ጡብ ያክላሉ። ታክሲ ስትጠብቅ ታነባለች፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ታነባለች። ስብሰባ ላይም ከነጠላዋ ሥር ታነብ ነበር ይባላል፤ እኔ አላየሁም። እንዲህ እንዲህ እያለች በአራት ዓመት ውስጥ ከአንድ ትምህርት በቀር ሁሉንም አለፈች።

ያ አንዱ ግን ሁለት ጊዜ ጣላት። ለሦስተኛ ጊዜ ከወደቀች በእንግሊዞቹ ፈታኞች ሕግ መሠረት ከእሱ ጋር የተፈተነቻቸው ትምህርቶች፣ ያለፈቻቸውም ጭምር፣ ተሰርዘው እንደ አዲስ ትጀምራለች። እማዬ ደግሞ ቁርጡን ነግራናለች። እንደ አዲስ የሚባል ነገር የለም፤ ከወደቅኩ መጽሐፉን ሁሉ ለሚፈልግ ሰጥቼ እገላገላለሁ ብላለች።

ግራ የገባን ትምህርቱን ስለምታውቀው ነው። የትኛውንም ነገር ብትጠይቋት ገጹን ሳይቀር ትነግራችኋለች።

አንድ ቅዳሜ ከግማሽ ቀን ሥራዋ ተመልሳ ምሳ እንደበላን ጠረጴዛውን ወለወለች፣ የደወል ሰዓቱን አስጨበጠችኝና ፈታኝ ሁኚልኝ አለችኝ። ያለፈ ዓመት ጥያቄ ነው፤ አምስት ጥያቄ በሦስት ሰዓት። ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ። እናቴ ከወንበሯ ለመነሣት እኔን፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጇን፣ ልታስፈቅድ ነው።

አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ እጇን አወጣች። ለእራት የጣድኩትን ወጥ ላማስል አለችኝ። አይፈቀድም አልኳት።

«ያርራል እኮ፣ አንቺ።»

«ተፈታኝ አይነጋገርም።»

ወጡ አረረ። እራታችን ዳቦ በሻይ ሆነ።

ሦስቱ ሰዓት ሲያልቅ ግን ጨዋታው አበቃ። ሁሉንም እያወቀች ከአምስቱ የጨረሰችው ሦስቱን ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰዓቱን ትቼ እጇን አየሁ። መጀመሪያ በእርሳስ ትሠራለች፣ ደጋግማ ትደምራለች። ከዚያ በእስክሪብቶ ቁጥር በቁጥር ታደምቀዋለች። ቀለሙ እስኪደርቅ ትጠብቅና እርሳሱን በላጲስ ታጠፋለች፣ ፍርፋሪውንም እፍ ትላለች። ሥራዋ የሠርግ መጥሪያ ይመስላል። በቃ፣ አንዱን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ነው የምትሠራው።

ስነግራት ተቆጣች። «ስርዝ ድልዝ ያለበት ሥራ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም» አለችኝ።

ቆየት ብላ ግን አስረዳችኝ። መሥሪያ ቤታቸው ሁሉም ሰው እንዲሁ ነው የሚሠራው። በእርሳስ ተሠርቶ ለአለቃ ይቀርባል፤ አለቃ አይቶ ካጸደቀው በኋላ በቀለም ይደምቃል። የተሰረዘ ቁጥር ያስጠይቃል። ማን ሰረዘው፣ ለምን ሰረዘው፣ ማንን ለመጥቀም። አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው በአንዲት የተሰረዘች ቁጥር ምክንያት ተጠርቶ ሄደና ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። ምንም አልተገኘበትም። ከዚያ ወዲህ ግን አለቃ አጠገቡ ካልቆመ እስክሪብቶ አያነሣም። ይህን የነገረችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን ከሁለታችን በቀር ሰው አልነበረም።

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የእማዬ ጥንቃቄ የንጽሕና ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። አብሮኝ የኖረ ፍርሃት እንደሆነ አላወቅኩም።

በሦስተኛው ቅዳሜ እርሳሱን ቀማኋት። እስክሪብቶውን ይዛ ግማሽ ሰዓት ያህል ባዶ ወረቀት ስታይ ቆየች። በዚህ መሀል አባዬ እጁ እንደጠቆረ ውሃ ሊጠጣ ገባ። አባዬ ዊንጌት ታክሲ መቆሚያው አጠገብ ጎሚስታ ነው፤ ቤታችንም ከዚያው ከፍ ብሎ ነው። ወረቀቱን አየና ምን ሆና ነው ብሎ እኔን ጠየቀኝ። መሳሳት ፈርታ ነው አልኩት።

«እኔ የለጠፍኩት ጎማ ልጥፉ ይታያል» አላት። «ማኪናው ግን ፍቼ ደርሶ ይመለሳል።»

«የኔን ሥራ ከጎማ ጋር ታወዳድረዋለህ?»

«ምን አለበት። ስንቱ ዲግሪ ያለው በኔ ልጥፍ ላይ አይደል እንዴ የሚሄደው።»

ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅም መጻፍ ጀመረች። ትንሽ ቆይታ ተሳሳተች። እኔም አባዬም እጇን አየን። ማስመሪያ አነሣችና በቁጥሩ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረችበት። በማስመሪያ መሰረዝ ክልክል ነው ብዬ ማስመሪያውንም ወሰድኩባት። እኔ እንኳን ይህን ስጽፍ ስንት ቦታ ሰርዣለሁ፤ ገልብጬ ላሳምረው ብዬም ተውኩት። በስድስተኛው ቅዳሜ አምስቱንም ጨርሳ ሩብ ሰዓት ተረፋት።

የፈተናው ዕለት ጠዋት ቦርሳዋን እንደ ፈታኝ በረበርኩ። ምንም የለም። ነጠላዋን ገለጥ ሳደርግ ግን እርሳሱን ፀጉሯ ውስጥ ሰክታው አገኘሁ። ልጽፍበት አይደለም፣ እንዲያው አብሮኝ ይሁን ብዬ ነው አለች። ነቅዬ ወሰድኩት። ነጠላዋን አስተካክላ ቁልቁለቱን ወረደች።

ስትመለስ በር ላይ ጠበቅኳት። «አምስቱንም ሠራሁ» አለችኝ። «ሰባት ቦታ ሰርዣለሁ።» መቁጠሯ አሳቀኝ።

ውጤቱ ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ መጣ። አባዬ ነው ከፖስታ ቤት ያመጣው፤ ጥቁር የጣት አሻራው ፖስታው ላይ ነበር። እማዬ አነበበችው፣ አጠፈችው፣ መልሳ ገለጠችውና እስቲ አንቺ አንብቢው ብላ ሰጠችኝ። አልፋለች። ጮክ ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩላት።

«ሄደ ማኪናው» አለ አባዬ።

ሰኞ ጠዋት ለሥራ ስትዘጋጅ እርሳሴን አምጪ አለችኝ። አልፈሽ የለ እንዴ፣ ምን ያደርግልሻል አልኳት።

«ያለፍኩት ፈተናውን ነው» አለችኝ። «ቢሮዬማ ያው ነው።»

ከደብተሬ መሀል አወጣሁትና ቀርጬ ሰጠኋት። ፀጉሯ ውስጥ ሰካችው፣ ነጠላዋን ደረበችበትና ወጣች።