የሌሊሴ መንጋጋና የሁለት ሴቶች ጥርጣሬ

መጀመሪያ ያየሁት ለሃጯን ነው። ሌሊሴ ዓመት ከአንድ ወሯ ነበር። የፊት ጥርሶቿ ያለ ብዙ ጣጣ ወጥተውላት ነበር፤ አሁን ግን በቀን ሦስት ጊዜ ልብስ የሚያስቀይር ለሃጭ ይወርዳት ጀመር። ጡት አንዴ ትስብና ለቃው ታለቅሳለች። ቀኝ ጉንጯም ቀላ። ድዷን ስዳብሰው ከኋላ በኩል አብጧል። የመንጋጋ ጥርስ እየመጣ ነው አልኩ፤ በዚህስ አልተሳሳትኩም።

ያኔ አምቦ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። እኔ ወሎዬ ነኝ፣ ባለቤቴ ኦላና ደግሞ የጌዶ ልጅ ነው። እሱ አስተማሪ ስለነበረ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገጠር ወርዶ ነበርና ልጅ እንዲይዙልኝ እናቱን አዴ በዳቱን ከጌዶ አስመጣልኝ። እውነቱን ልናገር፣ ገና ከአውቶቡስ ሲወርዱ ጀምሮ አላመንኳቸውም።

ምክንያት ነበረኝ። ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው ብዙ ሰው "ግግ ነው" ይላል። ግግ አውጪ ይጠራል፤ እሱም ገና ያልበቀለውን ጥርስ በስለት ከድዱ ፈልፍሎ ያወጣል። እኛም አገር አለ፤ የእናቴ ጎረቤት ልጇን የቀበረችው በዚህ ነው። አዴ በዳቱም ልጄን ወደዚያ ይወስዱብኛል ብዬ እሰልላቸው ጀመር።

ማስረጃም አላጣሁም። ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ታጥበው ጣታቸውን ወደ ልጄ አፍ ይሰዳሉ። ድዷን ዙሪያውን ይዳብሱና ቀና ብለው እኔን ያያሉ። አንድ ቀን ደግሞ ከጎረቤታችን ጋር በአጥር በኩል ሲያወሩ ሰማኋቸው። ኦሮምኛዬ ከገበያ አያልፍም፤ "ኢልካን" ማለት ጥርስ መሆኑን ግን አውቃለሁ፣ ሦስት ጊዜ አሉት። ጎረቤቲቱን ቆይቼ ብጠይቃት፣ የግግ አውጪው ቤት የት እንደሆነ ጠየቁኝ አለችኝ። በቃ፣ ያሰቡት ታወቀ አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄን አዝዬ ቢሮ መሄድ ያዝኩ።

ቢሮ ስታለቅስብኝ የመጋዘኑን ቁልፎች እሰጣታለሁ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ስትነክሰው ዝም ትላለች። በብልሃቴ ኮርቼ ነበር።

ቅዳሜ ተቅማጥ ጀመራት። ጥርስ ነው አልኩ። ለአዴ በዳቱ አልነገርኩም። ጨርቋን ደብቄ አጠብኩ። ውሃ ያባብስባታል ብዬ ውሃ ነሳኋት። እሑድ ባሰባት። ስድስት ጊዜ። ሰባት ጊዜ። ጡትም እምቢ አለች።

ሰኞ የመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ነበር። መቅረት አይቻልም፣ ልጅ ይዞ መግባትም አይቻልም። ሳልወድ ለእሳቸው ትቻት ሄድኩ። ሲነበብ ከዋለው አንድ ቃል አልሰማሁም።

ስመለስ ቤቱ ባዶ ነው። አንቀልባው የለም። ጎረቤቲቱ በገበያው በኩል እየሮጡ ሲያልፉ አየኋቸው አለች። ግግ አውጪው የሚኖረው በገበያው በኩል ነው። ሮጥኩ። ነጠላዬ የት እንደወደቀ አላውቅም። በሩን ደበደብኩ። ሰውየው ወጣ። ዛሬ ማንም አልመጣም አለኝ። አላመንኩትም። ገፍቼው ገባሁ። ማንም የለም።

ከደጁ የቆመች ሴት ናት ያዳነችኝ። ሕፃን ያዘሉ አሮጊት ወደ ጤና ጣቢያው ሲሮጡ አይቻለሁ አለች።

አገኘኋቸው። ልጄን ታቅፈው በማንኪያ ከንፈሯን ያረጥባሉ። ዓይኗ ጎድጉዷል። ታለቅሳለች፣ እንባ የላትም። ጤና ረዳቱ የሆዷን ቆዳ ቆንጥጦ ለቀቀው። ቶሎ አልተመለሰም። እርግብግቢቷን አሳየኝ። ወደ ውስጥ ሰርጉዷል።

"ድርቀት ነው" አለ። "እስከ ማታ ብትቆይ ኖሮ እኔም ምንም ላደርግላት አልችልም ነበር።"

ጥርሷ ነው አልኩት።

"ጥርስ ድድ ያሳምማል፣ ለሃጭ ያመጣል። እንዲህ ያለ ተቅማጥ አያመጣም። ምን ስታኝክ ነው የከረመችው?"

ቁልፎቹ ኪሴ ውስጥ ነበሩ። ስንት ሰው የሚነካካቸው፣ ስንቴ መሬት የወደቁ ቁልፎች። አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳቸው።

አሁንም ግን አማቴን አፈጠጥኩባቸው። አፏን ለምን እንደሚዳብሱ፣ የሰውየውን ቤት ለምን እንደጠየቁ ጠየቅኳቸው። አማርኛውን እየፈለጉ፣ ማንኪያውን ሳያቋርጡ መለሱልኝ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ" አሉ፣ "የኦላና ታላቅ ነበረኝ። ግግ ነው አሉኝ፣ እኔው እግሩን ይዤ አስወጣሁት። ደሙ አልቆም አለ። አንቺም እንዳትወስጃት ፈራሁ። ቁስል አለ ወይ ብዬ በየጠዋቱ አየሁ። በጥርጣሬ ስታዪኝ ጊዜ ሰውየውን ልጠይቀው ነበር፣ አምጥታለች ወይ ብዬ።"

ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሁለት ቀን እዚያው ቆየን፤ ጤና ረዳቱ ኦአርኤስ የሚባለውን ዱቄት ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ እየበጠበጠ ሲሰጠን፣ እኔና አዴ በዳቱ እየተቀባበልን በማንኪያ ስናጠጣት፣ ብታስመልስም ትንሽ አርፈን እንደገና ስንጀምር ዋልን። በማግስቱ ጠዋት ስታለቅስ አንድ የእንባ ዘለላ ጉንጯ ላይ ወረደ፤ ሁለታችንም እኩል አይተነው እኩል አለቀስን። በሳምንቱ መንጋጋዋ በራሱ ጊዜ ድዱን ቀዶ ብቅ አለ።

እናት ሆይ፣ ልጅሽ ጥርስ ሲያበቅል ድዱን በታጠበ ጣት ዳብሺለት፣ የሚያኝከውን ንጹሕ ጨርቅ አፍልተሽ አቀዝቅዘሽ ስጪው። ስለት አታስነኪው። ካስቀመጠው በጥርስ አታሳቢ፣ ውሃም ጡትም አትንፈጊው፣ ወደ ሐኪም ሩጪ። የምትጠረጥሪው ሰው ካለም ቁጭ ብለሽ ጠይቂው። እኛ አንዷ ከሌላዋ ልጅቷን ስንጠብቅ ልናጣት ነበር። ያን ጤና ረዳት እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ለአማቴ ግን ምስጋና አይበቃም።

ወደ ጌዶ ሲመለሱ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኋቸው። ከመሳፈራቸው በፊት ሌሊሴን ተቀብለው እንደ ልማዳቸው ጣታቸውን ወደ አፏ ሊሰዱ ሲሉ እኔን ቀና ብለው አዩኝ። የልጄን አገጭ ይዤ አፏን ከፈትኩላቸው።