በሳንቃ ያልተጫነው አናጺ

ፍቅረማርያም አናጺ ነው። «ነበር» የሚለውን ቃል የወላይታ ሶዶ ሰፈርተኛ ሁሉ ተቀብሎታል፤ እሱ ግን አልተቀበለውም። አባቱ ከጉራጌ አገር ተነሥተው እዚህ ሲገቡ ከመጋዝና ከመሮ በቀር የያዙት አልነበረም፤ ልጁም ከዚያ የበለጠ አልተመኘም። በዳሞታ ተራራ ግርጌ ካሉት ቤቶች ጣሪያቸውን እሱ ያዋቀረላቸው ብዙ ናቸው። ዛሬ ተጋድሞ የሚያየው የገዛ ቤቱን ኮርኒስ ነው። ኮርኒሱ በአንድ ጥግ ረግቧል፤ ባለሙያው ከሥሩ ተኝቶ ያየዋል እንጂ አያቃናውም።

ከእምብርቱ በታች ያለው አካሉ አይሰማውም፣ አይታዘዘውምም። ጀርባው እንዳይቆስል ሚስቱ ሙሉሐረግ ታገላብጠዋለች። ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ከወንበሩም ወደ አልጋ የሚያነሣው ግን ዘሩባቤል ነው። ዘሩባቤል የወላይታ ተወላጅ፣ የሥራ ጓደኛው፣ የበኩር ልጁንም ክርስትና ያነሣ አበልጁ ነው። ፍቅረማርያም ከወደቀ ሦስት ዓመት ሆነው፤ በእነዚህ ዓመታት አበልጁ አንድም ቀን አልቀረም።

የወደቀው በዴሳ ከተማ የአንድ እህል ነጋዴ መጋዘን ቆርቆሮ ሲመታ ነው። የቆመበት ማገር ከዳው። የመጋዘኑ ጠባቂ የበር ሳንቃ ይነቀልና አጋድመን እንውሰደው አለ። አብሮት ይሠራ የነበረው ዘሩባቤል ተቆጣ። በሳንቃ ተጋድሞ የሚሄድ ሬሳ ነው፤ ነፍስ ያለውን ሰው እንደዚያ መጫን ሞቱን መጥራት ነው ብሎ ያምናል፤ በዚያ የተሰበሰበው ሰውም ያምን ነበር። ስለዚህ አበልጁን ከመሬት ብድግ አድርጎ አቀፈውና በሞተር ሳይክል ላይ በሹፌሩና በራሱ መካከል አስቀመጠው፤ በደረቱም ደግፎ ቀጥ እንዳለ ሶዶ አደረሰው። ይህን ታሪክ በእድርም በጠላ ቤትም ይተርከዋል። «አበልጄን እንደ ሙሽራ አስቀምጬ ነው ያመጣሁት» ሲል የማይስቅ የለም።

ፍቅረማርያም ግን አንድ ነገር ያውቃል። መሬት ላይ ወድቆ ሳለ የእግሩ ጣቶች ጫማው ውስጥ ሲታጠፉ ተሰምቶታል። ሞተሩ ላይ ሲቀመጥ ወገቡ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ፤ ከዚያ ወዲያ እግሮቹ የሌላ ሰው ሆኑ። ሐኪም ቤት ሲደርስ፣ የተሰበረ አከርካሪ ሲታጠፍ ስባሪው ሕብለ ሠረሠሩን ሊጨፈልቀው እንደሚችል አንድ ሐኪም አስረዳው። በዚያ ሰዓት ዘሩባቤል መድኃኒት ሊገዛ ወጥቶ ነበር። ፍቅረማርያም የሰማውን ዋጠው፤ ለሙሉሐረግ እንኳ አልነገራትም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እሱ የሚፈራው ይህንኑ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ዶክተር ሰናይት የምትባል ተመራማሪ ልትጠይቀው መጣች። ዘሩባቤል እንግዳ ይመጣል ብሎ አበልጁን ወንበሩ ላይ አስቀምጦት አጠገቡ ተቀምጧል፤ ሙሉሐረግም እዚያው አለች። ሐኪሟ ነገሯን በግልጽ አስቀደመች። የተጎዳ ሕብለ ሠረሠርን ለመጠገን በየአገሩ ምርምር ይደረጋል፤ ከሚሞከሩት ሕክምናዎች አንዳንዶቹ ጉዳቱ በደረሰ በሰዓታት ውስጥ መጀመር አለባቸው። ተጎጂው በመንገድ ላይ የባሰ ተጎድቶ ከደረሰ ግን የተገኘው ፈውስ ሁሉ አይደርስለትም። ስለዚህ ከየወረዳው የሚመጣ ሰው እንዴት ተነሥቶ፣ እንዴት ተጓጉዞ እንደሚደርስ በትክክል መታወቅ አለበት።

«ለእኔስ?» አላት ፍቅረማርያም።

«ለእርስዎ ዛሬ የምሰጥዎት የለኝም። አልዋሽዎትም።»

ራሱን ነቀነቀ። ቀጥላ፣ ከወደቀ በኋላ፣ ሰው ሳያነሣው በፊት፣ እግሩን ማንቀሳቀስ ይችል እንደነበር ጠየቀችው።

አንድ የሐሰት ልኬት ሙሉ ጣሪያ እንደሚያጣምም አናጺ አያጣውም። ነገ ከቢጠና ወይም ከሌላ ከተማ ጣሪያ የሚወድቅ ሰው የእሱ ቃል ሊጠቅመው ይችላል። ቃሉን የሚሰማው ግን አጠገቡ የተቀመጠው አበልጁም ነው። አላስታውስም አለ።

ዘሩባቤል ሳቀ። «እንዴት አታስታውስም፣ አበልጄ? ዶክተር፣ እኔ ልንገርዎ። ብድግ ሳደርገው ጉልበቴን በጫማው ረገጠኝ። አንተ በቅሎ፣ እኔን ነው የምትረግጠው? አልኩት። እግሩ ደህና ነበር!»

ሐኪሟ ብዕሯን ሳታነሣ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረገ ጠየቀችው። ዘሩባቤል ሞተሩንም ሙሽራውንም፣ የተቆጣበትን የሳንቃውን ነገርም ሳያስቀር ተረከላት። ሲጨርስ የሳቀ ሰው አልነበረም። ሙሉሐረግ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«ዶክተር፣ ያጠፋሁት አለ?» አለ ዘሩባቤል።

በእርግጠኝነት መናገር እንደማይቻል ነገረችው፤ ውድቀቱ ራሱ ወይም ከዚያ በኋላ የሚመጣ እብጠትም ሊሆን እንደሚችል አስረዳችው። ምን ቢደረግ ይሻል ነበር ብሎ ሲጠይቃት ግን መልሱን ልታለዝበው ሞክራ አልቻለችም።

«ሳይታጠፍ፣ በሳንቃው ላይ አጋድሞ ማምጣት ነበር።»

ዘሩባቤል ወደ አበልጁ ዞረ። «ታውቅ ነበር?»

ፍቅረማርያም ዓይኑን ወደ ረገበው ኮርኒስ አነሣ። ያም መልስ ሆነ። ሊዋሽ የሚችልበት ሰዓት አልፎበት ነበር።

ሐኪሟ አመስግና ወጣች። ፍቅረማርያም ብዙ ሲቀመጥ መቀመጫው ስለሚቆስል ወደ አልጋው የሚመለስበት ጊዜ ደርሷል። ሙሉሐረግ ብቻዋን አትችለውም። ዘሩባቤል ከተቀመጠበት አልተነሣም፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያያቸዋል።

«አንሣኝ፣ አበልጄ፤ ደክሞኛል» አለው ፍቅረማርያም።

ዘሩባቤል ተነሥቶ ጎንበስ አለ። እጆቹ በአበልጁ ብብት ሥር ሊገቡ ሲሉ አየር ላይ ቀሩ።

«በየት በኩል ልያዝህ?»

በሦስት ዓመት ውስጥ ይህን ጠይቆት አያውቅም። ፍቅረማርያም ሊመልስለት አፉን ከፈተ፤ በየትም በኩል ቢይዘው አሁን የሚጎዳ ነገር እንዳልቀረ መንገር ማጽናኛ እንደማይሆን ሲገባው ግን መልሶ ዘጋው። አንዱ ጎንበስ እንዳለ፣ ሌላው እንደተቀመጠ ቆዩ።