የሌለው ግብር

እርጥብ ጨርቅ በጋለ ካውያ ሲተኮስ የሚወጣው ሽታ አፍንጫዬን በነካው ቁጥር፣ ኩዌት፣ ጃብሪያ በሚባል ሰፈር እናቴ ልብስ ወደምትሰፋባት ጠባብ ምድር ቤት እመለሳለሁ። ሱቋ ከሁለት የስፌት መኪናና ከአንድ መተኮሻ ጠረጴዛ ሌላ አትይዝም ነበር። የንግድ ፈቃዱ ሱራ በሚባል ሰፈር በምትኖር አንዲት ኩዌታዊት ማዳም ስም ነበር፤ ኪራዩን በየወሩ ተቀብሎ የሚያደርስላት ሾፌሯ ወንድም ታምራት ደግሞ አርብ አርብ በጸሎት ጉባኤያችን ከእኛው ጋር የሚጸልይ ሰው ነበር። ከኪራዩ ላይ «የመንግሥት ግብር» ብሎ ጨምሮ ይቀበል ነበር።

እናቴ አንድም ቀን አልተጠራጠረችም። አዲስ አበባ ሳለች ግብር አሳድራ ሱቋ ታሽጎባት ስለነበር፣ ግብር የማይጠይቅ መንግሥት አለ ቢሏት ትስቅ ነበር። ሙቀቱ በርትቶ ደንበኞቿ ከአሠሪዎቻቸው ጋር ለዕረፍት ሲወጡ፣ ስፌት በጠፋባቸው ወራት እንኳ ከምግባችን ቀንሳ፣ «የቄሣርን ለቄሣር» እያለች ትከፍል ነበር። ደረሰኝ ስትጠይቀው፣ «እህት ብርቄ፣ ማዳም ጋ ነው ያለው» ይላት ነበር።

ትምህርት ሊከፈት ሲል ወንድም ታምራት ግብሩ ጨምሯል አለ። የእኔ የትምህርት ቤት ክፍያ ለዚያ ዋለና ያን ዓመት ቤት ቀረሁ፤ እሱ ግን አርብ ሲመጣ እጁን ራሴ ላይ ጭኖ እግዚአብሔር የትምህርት በር እንዲከፍትልኝ ይጸልይልኝ ነበር። እኔም አሜን እል ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ አሜን ነው።

ብርዱ ሲገባ እናቴ ማዳምን ሄዳ ልትለምናት ቆረጠች፤ የእሷ ዐረብኛ ከልብስ ልክ ስለማያልፍ አስተርጓሚ አድርጋ ወሰደችኝ። ማዳም ሻይ አስቀርባ አዳመጠችንና ግራ ገብቷት፣ «የምን ግብር? እዚህ አገር እንዲህ ያለ ሱቅ ግብር አይከፍልም። እኔ ኪራዬን ብቻ ነው የምቀበለው» አለች። ለእናቴ ነገርኳት።

«በደንብ አልሰማሽም፤ ደግመሽ ጠይቂያት» አለችኝ።

ደግሜ ጠየቅሁ፤ መልሱ ያው ነበር።

ስንወጣ ወንድም ታምራት ግቢው ውስጥ መኪና ያጥብ ነበር። «ላድርሳችሁ?» አለ። እናቴ ትክ ብላ አየችውና፣ «ልጄን ከትምህርት ቤት ያስቀረኋት ለአንተ ኖሯል?» አለችው። ጨርቁን ጨምቆ ወደ ማጠቡ ተመለሰ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚባለው ያን ቀን ገባኝ። ከዚያ ወዲያ ኪራዩን ራሷ እየወሰደች ትሰጥ ጀመር፤ እኔም በቀጣዩ ዓመት በዕድሜ ከሚያንሱኝ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተቀመጥኩ።

ዛሬ አዲስ አበባ የራሴ ስፌት ቤት አለኝ። ጎረቤቶቼ የግብር ወቅት በመጣ ቁጥር ያማርራሉ፤ እኔም አልፎ አልፎ አማርራለሁ፣ ግን ደረሰኜን ሳልይዝ ከግብር ቢሮው ወጥቼ አላውቅም። ማታ እናቴ ዓይኗ ስለደከመ፣ «እስቲ አንብቢልኝ» ትለኛለች። ስሜን፣ የከፈልኩትን፣ ማኅተሙ ላይ ያለውን ሳይቀር አነብላታለሁ። ስጨርስ፣ «ደግመሽ አንብቢው» ትለኛለች። ደግሜ አነብላታለሁ።