ካምፐሯ እስክትደርስ

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። ያዘዝነው የዕቃ ማጠቢያ ማሽን አሁንም እንዳልደረሰ፣ የሚመጣበትን ቀን ወደፊት እንደሚያሳውቁን፣ ስለ ትዕግሥታችንም ከልብ እንደሚያመሰግኑን ይገልጻል። እንዲህ ሲያመሰግኑን የመጀመሪያቸው አይደለም። ትዕግሥት እንዳለኝ ማን እንደነገራቸው አላውቅም። አሮጌው ማሽን ተነቅሎ የወጣበት ቦታ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ልጃችን ባለፈው ስትመጣ አይታው፣ «ማም፣ ጀስት ካንስል ኢት»፣ ትዕዛዙን ሰርዢው፣ ብላኝ ሄደች።

ባሌ ጌታሁን ግን መልእክቱን ሳነብለት ከወንበሩ ቀና እንኳ አላለም። «ይቆያ! ምን ያስቸኩለናል?» አለ። ልቆጣ ያልኩት ቁጣ አፌ ላይ ቀረ። ይህን አነጋገሩን አውቀዋለሁ። ሁለታችንም ወጣት ሳለን፣ አንዲት ካምፐር ስንጠብቅ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ሲለው የከረመው ነው።

ካምፐር ስል ከፒክአፕ መኪና ጀርባ ላይ የምትጫን ትንሽ ቤት ማለቴ ነው። አልጋ፣ ምድጃ፣ ጠረጴዛና መስኮት ይኖራታል፤ ሰው መንገድ ዳር አቁሟት ያድርባታል። ያኔ የእኛ አገር ሰው ካምፐር አሠራ ሲባል ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ዛሬም ብዙ አልሰማሁም። ሐሳቡ የጌታሁን ነው። ታክሲ ይነዳ ነበር፤ በብርድ ወራት ከአየር ማረፊያው እንግዶች ጭኖ ተራራው ላይ ካሉት ሆቴሎች ያደርስና ወዲያው ዞሮ ይመለሳል። አንድ ቀን መንገድ ዳር አንድ ሽማግሌና አንዲት አሮጊት ካምፐራቸው በር ላይ ተቀምጠው ሾርባ ሲጠጡ አየ። «ማንም አይመጣባቸው፣ ስልክ አይጮህባቸው። ዝም ብለው ሾርባቸውን ይጠጣሉ» አለኝ፣ የሰው ቪላ እንዳየ ሰው እየቀና።

ቅናቱ ገባኝ። የምንኖረው ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ ውስጥ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት አፓርትመንት ውስጥ ነበር። ቤቱ የእኛ ነው ለማለት ግን ድፍረት ይጠይቃል። ከስደተኛ ጣቢያ አዲስ የገባ ዘመድ፣ የዘመድ ጎረቤት፣ የጎረቤት አማች፣ ሥራና ቤት እስኪያገኝ ሳሎናችን ያርፋል። አንዱ ሲወጣ ፍራሹ ሳይቀዘቅዝ ሌላው ይተካል። ከሁሉም የቆዩት ጋሽ ተስፋይ ነበሩ፤ ጌታሁን ካርቱም ታሞ በተኛ ጊዜ ያስታመሙት ኤርትራዊ አዛውንት። አስመራ በአማርኛ ስለተማሩ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። ጎህ ሳይቀድ ጸሎት ይጀምራሉ፤ ሳላቸው ደግሞ ከጸሎቱ ቀድሞ ይጀምራል። ደግ ሰው ናቸው። ግን ደግ ሰውም ሳሎን ውስጥ ለወራት ሲተኛ ቤት ይጠብባል።

እኔ ዳውንታውን፣ ዴንቨር መሃል ከተማ፣ አንድ የፓርኪንግ ሕንፃ ውስጥ ካሸር ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጬ፣ የመኪና ጭስ እየማግሁ፣ ለማላውቀው ሰው ሁሉ መልካም ቀን እመኛለሁ። ጌታሁን ሌሊት ነድቶ ሲገባ እኔ እወጣለሁ። የምንገናኘው በር ላይ ነው። «ሻይ ትቼልሃለሁ» እለዋለሁ፤ «ብርድ ነው፣ ኮፍያሽን አድርጊ» ይለኛል። የዕለቱ ትዳራችን ያችው ነበረች።

ካምፐሯን ያዘዝነው በዴንቨር ሰሜን ጫፍ፣ መጋዘኖች መሃል ከተሸጎጠች ወርክሾፕ ነው። ባለቤቱ ዴል ይባላል፤ ጢሙ ላይ የእንጨት ብናኝ የማይጠፋ፣ ረጅም፣ ዝግ ያለ ፈረንጅ። ከአንድ ረዳት ጋር ሁሉንም በእጁ ነው የሚሠራው። በፋሲካ ሰሞን አዝዘን፣ ለመስቀል ተራራ ላይ እንሆናለን ብለን ደስ አለን።

መስቀል ሲደርስ ካምፐሯ ገና ወለሏ ብቻ ነበር የተሠራው። መስኮቶቹ ከፋብሪካ አልመጡም። ሲመጡም ልካቸው አልነበረምና ተመለሱ። ከዚያ ዴል ወገቡን ያዘው። ከዚያ ረዳቱ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄደ። በዓመቱ ሰኔ ላይ ደግሞ ኦሮራን የመታው ጠጠር በረዶ የስንቱን ሰው ጣሪያ በስቶ፣ ወርክሾፑ ለጥገና በመጡ ካምፐሮች ተጨናነቀ። እያንዳንዱ ምክንያት ለብቻው ሲሰሙት እውነት ነው። ሲደማመር ግን ያታክታል።

በዚህ ሁሉ መሃል፣ ገና አካባቢ፣ ጌታሁንን ትቼ ለመሄድ ወሰንኩ።

አልመታኝም፣ አልሰደበኝም፣ መጠጥም አይነካም። ደክሞኝ ነበር፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ የባሌን ፊት ላስታውስ ብሞክር ከኮቱ በቀር አልመጣልኝ አለ። ደነገጥኩ። ሲያትል የምትኖረው እህቴ ሙሉ፣ «እንግዲያው ነግረሽው ነይ፤ ክፍል አለኝ» አለችኝ። የት ሆኜ ልንገረው? የእኛን አልጋ ከጋሽ ተስፋይ ፍራሽ የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። እንግዳ ባለበት ቤት የባልና ሚስት ገመና አይወራም፤ እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያ ነው። ስለዚህ አንድ እሑድ ቀን፣ ጌታሁን ከሥራ ገብቶ ተኝቶ፣ ጋሽ ተስፋይ ቤተ ክርስቲያን ሄደው፣ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ወጥ እያማሰልኩ፣ «ካምፐሯ ትድረስና ተራራው ላይ ብቻችንን ስንሆን እነግረዋለሁ» አልኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ የምጠብቀው ሽርሽር መሆኑ ቀረ።

በወር አንድ ጊዜ ሁለታችንም ሰኞ ቀን እረፍት እንሆናለን። ያን ሰኞ ካምፐሯ የምትጫንበትን ፒክአፓችንን አስነስተን ወደ ዴል እንሄዳለን። ጌታሁን ባዶ እጁን ሰው ቤት አይገባም፤ ወርክሾፕም ለእሱ የሰው ቤት ነው። ስለዚህ ዋዜማውን ድፎ ዳቦ እጋግራለሁ። ዳቦው ጭኔ ላይ ተቀምጦ፣ ጥቁር አዝሙዱ መኪናውን እያወደ፣ ተራሮቹን ፊት ለፊት እያየን በሀይዌዩ ወደ ምዕራብ እንነዳለን፤ ዴንቨር ስንደርስ የአንድ የውሻ ምግብ ፋብሪካ ሽታ በመስኮት ይገባና የእኔን ድካም ሁሉ መና ያስቀረዋል።

ዴል ዘንድ የሚሆነው ሁልጊዜ አንድ ነው። ጌታሁን ወገቡን ይጠይቀዋል። እናቱን ይጠይቀዋል። የእናቱን ውሻ ይጠይቀዋል። ዴል መሣሪያዎቹን ገፋ አድርጎ ዳቦውን እየቆረሰ ይበላል፤ ስለ አየሩ ይጫወታሉ። ካምፐሯ ጥግ ላይ ሸራ ለብሳ ቆማለች፤ ስለ እሷ ትንፍሽ የሚል የለም። እኔ ተናድጄ ቀድሜ መኪናው ውስጥ እገባለሁ፤ ጌታሁን በር ላይ ትንሽ ቆይቶ፣ ተጨባብጦ ይመጣል።

«መቼ ትደርሳለች ብለህ ጠየቅከው?»

«እያየሽው? ሰውዬው እየሠራ ነው እኮ።»

«እየበላ ነው እንጂ!»

«ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ፣ ትርሲት።»

«ይሉኝታህን አንድ ቀን እዚህ ፓርክ አድርገህ ብትገባ ምን አለበት?»

ይስቃል። ሳልፈልግ እኔም እስቃለሁ። ከጎኑ ካለው ኩባያ ቆሎ ይዘግንልኛል፤ በወሩ ውስጥ የጫናቸውን ሰዎች ወሬ ይነግረኛል፣ እኔም የፓርኪንጉን ጉድ እነግረዋለሁ። ኦሮራ ስንደርስ ንዴቴ በርዶ አገኘዋለሁ። ማክሰኞ ጠዋት መስታወት ሳጥኔ ውስጥ ስቀመጥ ግን ውሳኔዬ እቦታው ነው።

ጠጠር በረዶው ከመታን በኋላ፣ አንድ ሰኞ ጌታሁን የሞተር ዘይት ሊገዛ ወጣ ሲል ዴልን ብቻውን አገኘሁት። ባለችኝ እንግሊዝኛ፣ ሳቅ ሳልቀላቅል፣ ይህ ነገር መቼ ነው የሚያልቀው አልኩት።

ዴል ግራ ገባው። «ጌታሁን አልነገረሽም እንዴ? እኔ እኮ ከፋሲካ በፊት ልጨርስላችሁ ነበር። የሌሎቹን አስቀድም፣ እኛ አንቸኩልም ያለኝ እሱ ነው። በመጣ ቁጥር ይለኛል። ከዚያ ደግሞ ጠረጴዛውን ቀይርልኝ አለ።»

«የምን ጠረጴዛ?»

ሄዶ ሸራውን ገለጠልኝ። መጀመሪያ የተስማማነው ከግድግዳው በምትታጠፍ ቀጭን ጣውላ ነበር። አሁን በቦታዋ ክብ ጠረጴዛ ተተክሏል፤ ለእሱ ሲባል ቁም ሣጥኑ ተነቅሎ ምድጃው ወደ በሩ ተገፍቷል። «ከአንድ ትሪ ነው አብረን የምንበላው፣ ፊት ለፊት መቀመጥ አለብን አለኝ» አለ ዴል፣ ጣውላውን በመዳፉ እየዳበሰ። «እንዲህ ያለ ሠርቼ አላውቅም።»

በመመለሻችን ያላልኩት ነገር የለም። ለሰው ሁሉ ታዝናለህ፣ ለጋሽ ተስፋይ፣ ለዴል፣ ለዴል እናት ውሻ፤ ለእኔ ሲሆን ግን ተራ ጠብቂ! ጌታሁን መሪውን በሁለት እጁ ይዞ መንገዱን ያያል። «ይቅርታ» አለ። ሌላ አልጨመረም። የዚያን ቀን ቆሎ አልዘገነልኝም።

ካምፐሯ የደረሰችው ሁለተኛው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ዴል ቤት ደውሎ አልቋል ሲለኝ እልል ማለት ሲገባኝ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ከእንግዲህ ሰኞ የለም ማለት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ለምን እንዲህ እንዳሰብኩ ለራሴም አልገባኝም።

ጋሽ ተስፋይ መኪናውን በመስቀላቸው እየባረኩ ዞሩት። «ይቅናችሁ፣ ልጆቼ። እናንተ ሂዱ፣ ቤቱን እኔ እጠብቃለሁ» አሉን። ሲጠብቁት ቆይተዋልና አላሳሰበንም።

ተራራው ላይ ያሉት ዛፎች ቅጠላቸው ሁሉ ቢጫ ሆኗል። ከሰዓት በኋላ አንድ ጅረት ዳር ደርሰን ጌታሁን ፓርክ አደረገና ሞተሩን አጠፋ። የሚስል የለም፣ የሚጸልይ የለም፣ የሚደውል የለም። «ትንሽ ጋደም ልበል» አለኝ። እስኪነቃ ብዬ እኔም አጠገቡ ጋደም አልኩ። ስንነቃ በማግስቱ ረፋድ ሆኗል፤ ፀሐይ በመስኮቷ ገብታ እግራችን ላይ አርፋለች። ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቅነውን ቀን በእንቅልፍ ጨረስነው። ያን ያህል መድከማችንን አናውቅም ነበር።

ምስር ወጥ አሞቅሁና ትሪውን ክቡ ጠረጴዛ ላይ አቀረብኩ። ካምፐሯ ከመጥበቧ የተነሣ ጉልበታችን ይነካካል። ፊቱን በቀን ብርሃን፣ በቅርብ አየሁት። ጆሮው ሥር አንዲት ሽበት አብቅሏል፤ መቼ እንደበቀለች አላውቅም።

«በይ ንገሪኝ» አለ።

«ምኑን?»

«እነግረዋለሁ ብለሽ ለሙሉ ያወራሽላትን።»

እጄ ትሪው ላይ ቀረ። «ሰምተሃል?»

«ያን ቀን ተኝቼ አልነበረም።»

አፈርኩ። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። ከዴል ወርክሾፕ ስንወጣ በር ላይ ወደ ኋላ መቅረቱ፣ ጠረጴዛው፣ «ይቅርታ» ብሎ ዝም ማለቱ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ።

«ዴልን አትቸኩል ስትለው የነበረው ለዚህ ነው?»

«መስኮቱና ወገቡ እኔን አይመለከቱም» አለ፤ ሊስቅ ብሎ አልሆነለትም። «የቀረው የእኔ ነው። ካምፐሯ ስትደርስ ከሆነ የምትሄጂው፣ እንዳትደርስ ከማድረግ ሌላ ምን አቅም ነበረኝ?»

«አትጠይቀኝም ነበር?»

«ብጠይቅሽ ትመልሽልኝ ነበራ።»

ጅረቱ ይሰማል። የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ፤ አውቶቡስ ውስጥ ስንት ጊዜ ለብቻዬ ተለማምጄዋለሁ። አልጠፋብኝም፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ለመናገር ግን አቅም አጣሁ።

«ጌታሁን፣ አሁን ደክሞኛል» አልኩት። «ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ።»

«እሺ» አለ። «እኔ አልቸኩልም።»

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ ቀና ብል ዋሸሁ። ሥራው ያው ነበር፣ እንግዳውም ያው። ካምፐሯ ከእኛ ይልቅ ሰው አስተናገደች፤ የጋሽ ተስፋይ ልጅ ስትመጣ ሳሎኑን ለእሷ ለቀው፣ አፓርትመንታችን ፓርኪንግ ውስጥ ቆማ እያለች ስንት ወር እየሳሉ አደሩባት። ሰኞውን ግን አልተውነውም። የምንጠይቀው ካምፐር ባይኖርም መኪናውን አስነስተን እንወጣ ነበር፤ ዴልንም ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ዳቦ አብልተነዋል። በኋላ ካምፐሯ ስትሸጥ ጌታሁን ጠረጴዛዋን ነቅሎ አስቀራት። ዛሬ በረንዳችን ላይ ናት፤ አንድ እግሯ በካርቶን ነው የሚደገፈው።

አንዳንዴ ሳስበው፣ መስኮቶቹ በቀናቸው ቢመጡ ኖሮ እኔ ዛሬ ሲያትል ነኝ። የማሽኑ ሰዎች ስለ ትዕግሥቴ ሲያመሰግኑኝ የሚያስቀኝ ለዚህ ነው። ትዕግሥት ኖሮኝ አያውቅም። የነበረኝ ድካም ነው፤ ከተቀመጥኩበት ለመነሣት እንኳ አቅም የሚነሳ ድካም። ጌታሁንም ያደረገው ፍቅር ይሁን ፍርሃት እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም። ብጠይቀው ይመልስልኛል።

ዛሬ ከራት በኋላ ዕቃ እያጠብን ስልኩ ጮኸ። እሱ ያጥባል፣ እኔ አደርቃለሁ። እጁ አረፋ ስለነበር ስልኩን ጆሮው ላይ ያዝኩለት። የማሽኑ ሰዎች ናቸው። አዳምጦ፣ አዳምጦ ወደ እኔ ዞረ።

«አሁንም ይቆያል ይላሉ። ከፈለጋችሁ ካንስል እናደርገዋለን ነው የሚሉት። ምን ልበላቸው?»

ትከሻው ትከሻዬን እየነካው ነበር። የታጠበውን ትሪ ከእጁ ተቀበልኩት።

«አንቸኩልም በላቸው» አልኩት።