ምርቃቱ ያለበት ዲስክ

ባለቤቴ ታምራት ከመሞቱ በፊት አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ሥራ የኮምፒውተሩን ጠረጴዛ ከመስኮቱ ማራቅ ነበር። ሰማዩ በሐይቁ በኩል ጠቁሮ ነበር። እሱ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው ይዘን ጎተትነው። «ቀስ በይ» አለኝ። ከዚያ አንድ ማንጎ ተካፍለን በላን። ትናንት ዝናብ ሲመጣ ጠረጴዛውን ብቻዬን ልጎትት ስል የድሮው ፍርሃቴ ተመለሰብኝ።

ወጣቶች ሳለን ምሥራቅ ክፍለ ከተማ በተከራየናት ክፍል የሰርግ ቪዲዮ እንሠራ ነበር፤ እሱ ይቀርጻል፣ እኔ በኮምፒውተር አቀናብራለሁ። ካሴት ውድ ስለነበር ምስሉ ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ በኋላ በዚያው ካሴት ላይ የሚቀጥለውን ሰርግ እንቀርጽበታለን። ሁሉም የሚያደርገው እንዲሁ ነበር። ከዚያ ወዲያ የሰው ሰርግ የሚገኘው ዲስኩ ላይ ብቻ ነው። እሱ ቢበላሽ ሌላ ቅጂ የለም፤ ፍርሃቴ ይኸው ነበር።

ዲስኩ ሲሞላ ሁለት አዲስ ልንገዛ ሄድን።

«አጣምራችሁ እንደ አንድ ብትጠቀሙባቸው ፍጥነቱ ልዩ ነው፤ ቦታውም ይሰፋል» አለ ሻጩ። «ካልሆነ አንዱ የያዘውን ሌላውም ይይዛል፤ የምታገኙት ቦታ ግን የአንዱን ያህል ነው።»

«ከተጣመሩት አንዱ ቢሞትስ?» አልኩት።

«ግማሽ ግማሹን ነው የሚይዙት። ሌላው ብቻውን ምንም አይሠራም፤ አብረው ይሄዳሉ።»

«እንደ እኔና እሷ በለኛ!» ብሎ ታምራት ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። «መብራት እንዲህ በሚጠፋበት ከተማ? ሁለቱም አንድ ዓይነት ይያዙ።»

«አንቺ እኮ ሰርግ ሳይሆን ለቅሶ የምታቀናብሪ ነው የምትመስዪው!» አለኝ። ቢሆንም እንዳልኩት አስገጠመልኝ፤ ዲስኩ ቶሎ በሞላ ቁጥር ግን ያጉረመርማል።

ከፋሲካ በኋላ፣ መንገዱ በጭቃ ሲላቁጥ፣ ከከተማው ወጣ ብለን ቡሹሎ ሰርግ ቀረጽን። የሙሽራዋ አባት በትራቸውን ተደግፈው ልጃቸውን መረቁ። ፊልሙ ተቀናብሮ ሳያልቅ ሰውየው አረፉ። በካሴቱ ላይ ደግሞ ሌላ ሰርግ ገብቶበታል።

ሚስታቸው ጥቁር ለብሰው መጡ። «ልጄ፣ ድምፁ አለ?»

«አለ እማማ፣ ይቀመጡ» ብዬ ፊልሙን ልከፍት ስል መብራት ጠፋ። ሲመለስ አምፖሉ ከወትሮው ይበልጥ ቦግ አለ። ከኮምፒውተሩ ውስጥ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ተሰማ። ታምራት አየኝ፤ ፊቱ ዐመድ መስሏል። አንዱ ዲስክ ሞቷል። ሌላው መትረፉን ግን ማን ያውቃል?

የሞተውን ነቅሎ አወጣው። ኮምፒውተሩን በቀረው ዲስክ ብቻ አስነሣው። እኔ ሴትየዋን ማየት አቃተኝ፤ ከኋላዬ በሲዳምኛ ቀስ ብለው ሲጸልዩ ግን እሰማለሁ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቆየ። ምን እላቸዋለሁ? ባልዎን ለሁለተኛ ጊዜ ቀበርንብዎት?

ፊልሙ ሲከፈት ምስሉ ሳይመጣ የሽማግሌው ድምፅ ቀደመ። ሴትየዋ ተነሥተው መዳፋቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ፤ ምርቃቱ እስኪያልቅ አላነሡትም።

«ከእንግዲህ ፍርሃትሽ ይምረጥልን» አለኝ ታምራት፣ እሳቸውን ከሸኘን በኋላ።

ያን ቀን መዳፋቸውን ለምን እንዳላነሡ የገባኝ አሁን ነው። እኔንና ታምራትን ከተጣመሩት ዲስኮች እቆጥር ነበር፤ አብረን የምንሄድ። እሱ ሄደ፣ እኔ ግን የሁለታችንን ይዤ ቀረሁ።

ካሜራ ሲሞክር የቀዳው ድምፁ በሁለት ዲስክ ላይ አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱንም ከፍቼ መሥራታቸውን አያለሁ፤ ከዚያ እዘጋቸዋለሁ።