መርማሪው ያላነበበው ሠላሳ ገጽ

መጽሐፍ እስረኛን ያጽናናል፣ አንባቢን ያቀራርባል ይባላል። ሁለቱም ውሸት ነው። ቆሰበር ከተማ ታስሬ ሳለ አንድ ልቦለድ ስድስት ሰው አጣላ፤ እኔንም ቂም መያዝ አስተማረኝ። የምወደውም ለዚህ ነው።

የያዙኝ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሰሞን፣ መናኸሪያው በር ላይ ነው። ያስገቡን ክፍል የእህል መጋዘን ነበረች። ወለሉ ላይ የጤፍ ብናኝ አለ፤ ግድግዳው ጠዋት ጠዋት ያልበዋል። ስልኬን ወስደው መጽሐፌን ተዉልኝ።

ታሪኩ አንድ ክፍል ቆልፎ ለሦስት ትውልድ ስለኖረ ቤተሰብ ነው። ቁልፉ እናትየዋ አንገት ላይ ነው፤ ከበሩ ጀርባ የሆነ ነገር ይተነፍሳል። ለሁሉም ቶሎ እንዲዳረስ ጥራዙን ለያይተን በየተራ እናነበው ነበር።

የጫግኒው ባጃጅ ነጂ «ሰይጣን ነው» ብሎ ከበሩ ርቆ መተኛት ጀመረ። መምህሩ «ቤቱ አገራችን ነው፣ አንተ ሞኝ» አለው። ማንበብ የማይችሉት የአዘናው ሽማግሌ ግን ሳነብላቸው ሳቁ።

«ይኼ ምኑ ያስፈራል፣ ልጄ? እንዲህ ያለ ክፍል የሌለው ቤት አሳየኝ። ጥፋታቸው ሽማግሌ አለመጥራታቸው ነው።»

«ሽማግሌ ቢጠሩማ መጽሐፉ በአሥር ገጽ ያልቅ ነበር።»

«ቢያልቅስ? ወረቀት ይተርፋል።»

አንድ ቀን ፍተሻ ገባ። መርማሪው ራሱ መጣ፤ እግሬ ጫማ እስኪያቅተው የገረፈኝ ሰውዬ። ያገኘውን ሁሉ ሰበሰበ። ለሌሎቹ ተራው ገና ያልደረሰው፣ እኔ ብቻ ያነበብኩት የመጨረሻው ሠላሳ ገጽ ግን ሽማግሌው ከተቀመጡበት ማዳበሪያ ሥር ነበር። እኛን ግድግዳ ፊት አቆመን፤ እሳቸውን «ይነሡ» ለማለት አፉ አልታዘዘለትም። ሰው መግረፍ የማያሳፍረው፣ ሽማግሌ ማስነሣት ያሳፍረዋል። አስተዳደግ ማለት ይህ ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ አስጠራኝ።

«ቤቱ መንግሥት ነው፣ አይደል?»

«ቤት ነው።»

በማግሥቱ ድምፁ ተለወጠ። «ሚስቴም ጀምራዋለች። መጨረሻው የለም። ክፍሉ ውስጥ ማን ነው ያለው?»

ያበጠ እግሬን አየሁ።

«የሽማግሌው ልጅ ያመጣችው ጋቢ ዘብ ክፍል ተቀምጧል። ንገረኝና ዛሬ ይግባላቸው። ካልሆነ እዚያው ይሰንብት።»

ሽማግሌው ሌት ተቀን ያስሉ ነበር። ልነግረው ወስኜ ተመለስኩና አማከርኳቸው። ሳላቸውን እስኪጨርሱ ጠበቅኩ።

«እግርህ ዳነ?» አሉኝ።

«አልዳነም።»

«እንግዲያው አትንገረው። እኔ ብርዱን ለምጄዋለሁ። እሱም አለማወቁን ይልመደው።»

ሠላሳውን ገጽ ለጆሯቸው ብቻ በሹክሹክታ አነበብኩላቸው። ሲያልቅ «አላልኩህም?» አሉ። ወረቀቱን ቀዳደን ሽንት ቤት ጣልነው።

ጠዋት ለመርማሪው «አውቃለሁ፤ አልነግርህም» አልኩት። የዚያችን መልስ ዋጋ እግሬ ያውቀዋል። ጋቢውን ለሽማግሌው የሰጧቸው የተፈቱ ዕለት ነው። ተከናንበውት በመርማሪው መስኮት ሥር ቀስ ብለው አለፉ፤ ሳል እንኳ አላመለጣቸውም።

ዛሬ ይቅርታ ያሳርፋል የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። እኔን የሚያሳርፈኝ የሰውየው አለማወቅ ነው። ጡረታ ወጥቶ ዳንግላ እንደሚኖር፣ መጽሐፉንም አሁን ድረስ እንደሚያፈላልግ ሰምቻለሁ። ዳግም አልታተመም። ርዕሱን እዚህ ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም።

እርስዎ ግን አንብበውት ይሆናል። ዳንግላ ውስጥ አንድ ሽበታም ሰው ክፍሉ ውስጥ ማን እንደነበረ ቢጠይቅዎ፣ አይንገሩት።