ብልጭታ ያለፈበት ውሃ

ዲምቱ ከምኖርበት ከወላይታ ሶዶ ያን ያህል ሩቅ አይደለችም፤ ለእኔ ግን በየዓመቱ ትርቃለች። ባለፈው በጋ በተጨናነቀ ሚኒባስ ወደዚያ ሙቀት የወረድሁት የሟች ወንድሜ ልጅ ስለ ለመነኝ ነው። በዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ ውሃን በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚያክም መሣሪያ ሠርቶ እህቴ በምትኖርበት መንደር ሊያሳይ ተነሥቷል። «እርስዎ ካልመጡ አክስቴ አታምነኝም» አለኝ።

እህቴ የመንደሩን ጉድጓድ የምትጠላበት ምክንያት አላት። በዚያ ውሃ ያደገችው ልጇ ጥርሷ በልዞ፣ ዛሬም የምትስቀው አፏን በእጇ ሸፍና ነው። ስለዚህ እህቴ የልጅ ልጆቿን ከጉድጓዱ አታጠጣም፤ ክረምቱን የጣራ ውሃ ታጠራቅማለች፣ በጋውን አህያ ነድታ ከሩቅ ምንጭ ትቀዳለች። በዚያ በጋ ግን ጉልበቷ ከድቷት ነበር።

ሰዉ በእህቴ ደጅ ተሰብስቦ ሳለ የወንድሜ ልጅ ጄኔሬተሩን አስነሣ። በመሣሪያው የመስታወት ቱቦ ውስጥ፣ ከጉድጓዱ በተቀዳው ውሃ ላይ፣ ሐምራዊ ክር የመሰለ ብልጭታ እየተንጣጣ ይሯሯጥ ጀመር። አየሩ ከመብረቅ በኋላ የሚሸተውን ሸተተ።

«ስንሸሸው የኖርነውን መብረቅ አሁን ልንጠጣው ነው?» አሉ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት።

«የተገራውን ነው አባባ» አለ የወንድሜ ልጅ።

«የተገራ በሬም ይዋጋል!»

ሰዉ ሳቀ። በእኛ ዘንድ አዲስ ውሃ ሲወጣ መጀመሪያ የሚቀምሰው ካወጣው ቤተሰብ በዕድሜ የሚበልጠው ነው፤ እሱ ከጠጣ ሌላ ማስረጃ የሚጠይቅ የለም። እህቴ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ እኔ መጣች።

ከመቀበሌ በፊት ወደ ወንድሜ ልጅ ጠጋ አልሁ። «ጀርሙን መግደሉ ገብቶኛል። ጥርስ የሚያበልዘውን ፍሎራይድስ?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሱን አይነካውም። ግን አጎቴ፣ ዛሬ ይህን ካነሣን ማንም አይጠጣም። ተቅማጡን ካስቀረልን አይበቃም?»

«ለብዙዎች ይበቃል። አክስትህ የምትጠብቀው ግን እሱን አይደለም።»

«ጠጣ እንጂ ጋሼ፣ እጄ ዛለ» አለች እህቴ። ወደ ሰዉ ዞራም፣ «ሳያርም አይጠጣም፤ አስተማሪ ነው» አለች። ደስታዋ ከፊቷ ይነበብ ነበር።

ብርጭቆውን ተቀብዬ በአግዳሚው ላይ አስቀመጥሁት። በወላይትኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ ተናገርሁ፦ ይህ መሣሪያ የሆድ በሽታ የሚያመጣውን ይገድላል፤ ከጉድጓዱ ለሚጠጡት ከትናንቱ የተሻለ ነው። ጥርስ የሚያበልዘው ግን እንዳለ ይቀራል። ቃሎቼን አንድ በአንድ መርጬ ነበር፤ ያም ቢሆን ሲወድቁ ከባዶች ነበሩ።

«ከሶዶ ድረስ የመጣኸው ለዚህ ነው?» አለች እህቴ።

«ለዚህ ነው።»

«መማር እንዲህ ያደርጋል» አሉ ሽማግሌው፤ በዚህኛው የሳቀ አልነበረም። የወንድሜ ልጅ ጄኔሬተሩን አጠፋ፤ ሽቦውን ሲጠቀልል ቀና ብሎ አላየኝም። ጥቂት ሴቶች ለራሳቸው እየተማከሩ ከታከመው ውሃ በጣሳ ወሰዱ። በዚህ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደክሞኝ ነበር።

እህቴ ጀሪካኖቿን ከጓሮ አወጣች። ፀሐይዋ ገና አልበረደችም። «ነገ ብትሄጂስ?» ብላት፣ «ልጆቹን ዛሬ ማን ያጠጣቸዋል?» ብላ አህያዋን ፈታች። ጀሪካኖቹ ባዶ ስለ ነበሩ አንዱን እኔ ያዝሁ፤ እስከ መታጠፊያው ሸኘኋት። እዚያ ስደርስ ትንፋሽ አጠረኝ፤ ጀሪካኑን ከእጄ ወስዳ በአህያው ላይ አሰረችና መንገዷን ቀጠለች።